ጣሃ ሑሴን፦ የትምህርትን ዋጋ ከድሃው ጫንቃ ለማውረድ የታገሉ ምሁር

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1973 የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ከታላላቅ ልጆቹ አንዱን አጣ። ግብፃዊው ደራሲና ምሁር ጣሃ ሑሴን በ83 ዓመታቸው በካይሮ አረፉ። ግብፅ ገና ከጦርነት በወጣችበት በዚያ ሰሞን አስከሬናቸው የተሸኘው ከካይሮ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህ ዩኒቨርሲቲ በታሪኩ የመጀመሪያውን የዶክትሬት ማዕረግ የሰጠው ለእርሳቸው ነው። እርሳቸውም ተማሪው፣ መምህሩና የፋኩልቲ ዲኑ ሆነው አገልግለውታል፤ አንድ ጊዜም ስለ እርሱ ሲሉ ከሥራቸው ተባርረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ አንባቢ ጣሃ ሑሴንን የሚያውቃቸው «አል-አያም» ማለትም «ቀናቱ» በተሰኘው የሕይወት ታሪካቸው ነው። ከድርሰታቸው ባሻገር የሕይወት ጉዟቸውን ከዳር እስከ ዳር ለተመለከተ ግን አንድ ጥያቄ ሳይለያቸው አብሯቸው እንደኖረ ይገነዘባል፦ የድሃ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ሲማር ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በልጅነታቸው የከፈለው ቤተሰባቸው ነበር። በወጣትነታቸው በጎ አድራጊዎች ከፈሉ። በጎልማሳነታቸው መንግሥት ከፋይ ሆነ። እያንዳንዱ ከፋይ የአቅም ወሰን ነበረው፤ እያንዳንዱም በክፍያው ልክ የሚጠይቀው ነገር ነበረው። ጣሃ ሑሴን ሦስቱንም በራሳቸው ሕይወት አይተዋል።

በአባይ ዳር የተወለደው ልጅ

ጣሃ ሑሴን በኖቬምበር ወር 1889 በላይኛው ግብፅ፣ በሚንያ ግዛት፣ መጋጋ ከተባለችው ከተማ አጠገብ በምትገኝ አነስተኛ መንደር ተወለዱ። አባታቸው በስኳር ኩባንያ ውስጥ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ሠራተኛ ነበሩ። በቤቱ አሥራ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ጣሃ ሰባተኛው ናቸው። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ዓይናቸውን ታመሙ። ሕመሙ በዚያ ዘመን በአባይ ሸለቆ መንደሮች እጅግ የተለመደ የዓይን ብግነት ነበር። ቤተሰቡ ለጥቂት ቀናት ነገሩን ቸል ካለ በኋላ የመንደሩን ፀጉር አስተካካይ አስጠራ፤ ሰውየው ባደረገው ሕክምና የሕፃኑ ዓይኖች ጨርሰው ጠፉ።

በዚያ ቤት የደረሰው ጉዳት ይህ ብቻ አልነበረም። የአራት ዓመት ታናሽ እህታቸው በትኩሳት ስትሰቃይ ሐኪም ይጠራ ያለ ሰው ሳይኖር በዓል ዋዜማ ላይ ሞተች። በ1902 ደግሞ የኮሌራ ወረርሽኝ ግብፅን ሲያጠቃ ሐኪም ለመሆን የተዘጋጀውን የአሥራ ስምንት ዓመት ወንድማቸውን ወሰደ። ጣሃ ሑሴን እነዚህን ሦስት ጉዳቶች በኋላ በመጽሐፋቸው መዝግበዋቸዋል። በኋለኛው ዘመን ስለ ትምህርት ሲከራከሩ ጉዳዩን እንደ ቅንጦት የማይመለከቱት ከዚህ የተነሣ ነው። ድንቁርና ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ ዋጋውንም አስቀድሞ የሚከፍለው ሕፃን ልጅ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

በዚያ ዘመን ለአንድ ዓይነ ስውር የገጠር ልጅ የተከፈተው መንገድ ጠባብ ነበር። ቁርኣንን በቃሉ ይዞ በኀዘንና በበዓል ቤት እየተዘዋወረ በማንበብ መተዳደር ከተለመዱት ዕጣዎች አንዱ ነው። ጣሃም በመንደሩ የቁርኣን ትምህርት ቤት ገብተው አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ቁርኣንን በቃላቸው አጠናቀቁ። አባታቸው ግን ከዚህ የሚያልፍ ተስፋ ነበራቸው። ልጃቸው በካይሮው አል-አዝሃር ተምሮ ከዐምድ ሥር ተቀምጦ የሚያስተምር ሼኽ ሆኖ ማየትን ይመኙ ነበር።

አል-አዝሃር፦ ክፍያ የሌለበት፣ ወጪ ያለበት ትምህርት

የወንድማቸው ኀዘን ገና ሳይበርድ፣ በዚያው በ1902፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ጣሃ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በባቡር ወደ ካይሮ ተጓዙ። አል-አዝሃር ከመቶ ዓመታት ጀምሮ የትምህርት ክፍያ የማይጠይቅ ተቋም ነበር። የሚተዳደረው ሀብታሞች ለበጎ ሥራ ባወረሱት ንብረት፣ ማለትም በወቅፍ ነው፤ ከዚሁ ገቢ ለተማሪዎች ዳቦ ይታደል ነበር። የድሃ ልጅ ከሩቅ ገጠር መጥቶ ከታላላቅ ሊቃውንት እግር ሥር መቀመጥ የሚችለው በዚህ ሥርዓት ነው።

ክፍያ የለም ማለት ግን ወጪ የለም ማለት አልነበረም። የክፍል ኪራይ፣ የመብራት ዘይት፣ ልብስ፣ መጽሐፍ፣ ከቤት የሚላክ ስንቅ፣ ይህ ሁሉ የሚወጣው ከአንድ አነስተኛ ደመወዝ ነበር። ጣሃ ሑሴን የዚያን ጊዜ ኑሯቸውን ለልጃቸው ሲተርኩ ለሳምንታትና ለወራት ምግባቸው ዳቦ በጥቁር የሸንኮራ ማር ብቻ እንደነበር ያስታውሳሉ። ወላጆቻቸው እንዳይጨነቁ ብለውም በእረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ በካይሮ በጥጋብ እንደሚኖሩ አድርገው ያወሩላቸው ነበር። ከቤት ርቆ የኖረ ሰው ሁሉ የዚህን ዓይነቱን ውሸት ያውቀዋል።

በአል-አዝሃር የቆዩት ዐሥር ዓመት ገደማ ነው። በመጀመሪያ የነበራቸው ጉጉት ቀስ በቀስ ወደ መሰላቸት ተለወጠ። ማብራሪያን ከነማብራሪያው ማብራሪያ በቃል መያዝ ለአእምሯቸው አልበቃ አለ። ሼኽ ሰይድ አል-መርሰፊ የሚያስተምሩት የጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግን ልባቸውን ማረከው። በዚያ ጉባኤ የተማሩት የነፃ ትችት መንገድ ከአንዳንድ የተቋሙ ሹማምንት ጋር አጋጫቸው፤ የመጨረሻውን የዓሊምነት ፈተና ሲቀመጡም ሳያልፉ ቀሩ። የአባታቸው የዐምድ ሥር ሕልም በዚያ አበቃ። ነገር ግን በዚያው ከተማ ሌላ በር ቀድሞ ተከፍቶ ነበር።

በመዋጮ የቆመው ዩኒቨርሲቲ

እንግሊዞች ግብፅን ከ1882 ጀምሮ ተቆጣጥረው ነበር። የቅኝ አስተዳደሩ ለትምህርት የሚመድበው ገንዘብ ጥቂት ሲሆን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚከፈለው ክፍያም የድሃውን ልጅ ከደጅ የሚመልስ ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ጄኔራል ሎርድ ክሮመር ለግብፅ የሚያስፈልጋት ጥቂት ጸሐፊዎችና የእጅ ባለሙያዎች እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም የሚል አቋም ነበራቸው። የተማረ ሥራ አጥ ለመንግሥት አደጋ ነው ብለው ይሰጉም ነበር።

ግብፃውያን መልስ የሰጡት ገንዘብ በማዋጣት ነው። በ1906 ሙስጠፋ ካሚል አል-ገምራዊ የተባሉ የቤኒ ሱዌፍ ባለጸጋ ለዩኒቨርሲቲ ማቋቋሚያ 500 ፓውንድ ሲሰጡ የመዋጮው ጥሪ በአገሩ ተሰማ። በዚያው ዓመት ሳድ ዛግሉል፣ ቃሲም አሚንና ሌሎች የዘመኑ ሰዎች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ። ዲሴምበር 21 ቀን 1908 የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። የበላይ ኃላፊው በኋላ ንጉሥ የሆኑት ልዑል አሕመድ ፉአድ ነበሩ። ተቋሙ የራሱ ሕንፃ አልነበረውም፤ ጃናክሊስ ከተባለ ግሪካዊ የሲጋራ ባለ ፋብሪካ በተከራየው ቤት ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ የሚሰጠው ምሽት ላይ ስለነበረ ጣሃ ሑሴን ቀን አል-አዝሃር፣ ማታ ዩኒቨርሲቲ መዋል ቻሉ።

በዚያ የጠበቃቸው ትምህርት ከቀደመው የተለየ ነበር። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ፍልስፍና፣ የእስልምና ሥልጣኔ፣ የጥንታዊት ግብፅ ታሪክ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጥ ነበር። ከአውሮፓ ከተጋበዙት መምህራን መካከል ጣሊያናዊው ካርሎ ናሊኖና ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን ይገኙበታል። የሊትማን ስም ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም፤ በ1906 ወደ አክሱም የተጓዘውን የጀርመን የጥንታዊ ቅርስ ጥናት ቡድን የመሩት እርሳቸው ናቸው። በካይሮ ያስተማሩት የሴም ቋንቋዎችን ነው። በዚያ ዘመን ጣሃ ሑሴን ካጠኗቸው የምሥራቅ ቋንቋዎች መካከል ከዕብራይስጥና ከሱርስት ጋር የሐበሻ ጥንታዊ ቋንቋ አንዱ ነበር። ስለዚህ የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ታላቁ ምሁር በወጣትነታቸው የግዕዝን ድምፅ ሰምተዋል ማለት ነው።

በ1914 ጣሃ ሑሴን እንደ እርሳቸው ዓይነ ስውር በነበረው በጥንታዊው ባለቅኔ በአቡ አል-ዓላእ አል-መዓሪ ላይ ያዘጋጁትን ጥናት አቅርበው የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው ዶክተር ሆኑ። ደስታው ግን ያለ ነቀፋ አላለፈም። አንድ የሕግ አውጪው ጉባኤ አባል ጥናቱ ከሃይማኖት የወጣ ነው በማለት፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ያስመረቀ ዩኒቨርሲቲ ከመንግሥት የሚያገኘው ድጎማ እንዲቋረጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሳድ ዛግሉል ሰውየውን ጠርተው፣ ተማሪው ከዚያ በፊት የተማረው በአል-አዝሃር ስለሆነ ሌላው ደግሞ ተነሥቶ የአል-አዝሃር ድጎማ ይቁረጥ ሊል እንደሚችል አስረዷቸው። ሐሳቡም ተነሣ። ወጣቱ ዶክተር ገንዘብ የሚሰጥ እጅ ገንዘቡን መልሶ መያዝም እንደሚችል የተረዱት በዚያ ጊዜ ነው።

በልዕልት ጌጥ የተማረ ተማሪ

ዩኒቨርሲቲው ጎበዝ ተማሪዎችን ወደ አውሮፓ ልኮ የማስተማር ዕቅድ ነበረው። ጣሃ ሑሴን ይህ ዕድል እንዲሰጣቸው ደጋግመው ማመልከቻ አስገቡ። ዓይነ ስውርነታቸውም፣ ፈረንሳይኛ አለማወቃቸውም እንቅፋት ሆነ። ቋንቋውን ተማሩ፤ ዶክትሬቱንም ያዙ፤ በመጨረሻም ተፈቀደላቸው። በ1914 ክረምት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለፈነዳ ጉዞው ዘገየ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ሞንፔሊዬ ወደተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ሄዱ።

ጥቂት ወራት እንኳ ሳይደላደሉ በ1915 ዩኒቨርሲቲው ሁሉንም ተማሪዎቹን ወደ ግብፅ ጠራቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ገንዘብ አልቋል። ከልብ በመነጨ መዋጮ የተቋቋመ ተቋም በክፉ ቀን የሚደገፍበት ቋሚ ገቢ አልነበረውም። ጣሃ ሑሴን በካይሮ ያሳለፏቸው እነዚያ የሥራ ፈት ወራት ከሕይወታቸው እጅግ መራር ጊዜያት መካከል ናቸው። የተከፈተ በር ሲዘጋ ማየት ከመጀመሪያውኑ ካለመከፈቱ ይብሳል።

ለዩኒቨርሲቲው መትረፍ ትልቅ ድርሻ ካላቸው ሰዎች አንዷ የኬዲቭ ኢስማኢል ልጅ ልዕልት ፋጢማ ናቸው። ለሕንፃው መሥሪያ መሬት ሰጥተዋል፤ የሰፊ እርሻቸው ገቢ ለዩኒቨርሲቲው እንዲውል ወቅፍ አድርገዋል፤ የግል ጌጣጌጣቸውንም ለሽያጭ አውጥተዋል። የአንድ ልዕልት የአንገት ጌጥና የመንደር ልጅ የትምህርት ዕድል በዚህ መልክ ተገናኙ። ይህ የሚያስመሰግን ልግስና ነው። ይሁን እንጂ የአንድ አገር ከፍተኛ ትምህርት በአንድ ሰው የጌጥ ሣጥን ላይ ሲንጠለጠል ሥርዓቱ ምን ያህል ደካማ እንደሆነም ያሳያል።

ጣሃ ሑሴን በ1915 መጨረሻ ወደ ፈረንሳይ ተመልሰው በፓሪስ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በሞንፔሊዬ የተዋወቋት ሱዛን የተባለች ወጣት መጽሐፍ ታነብላቸው ነበር፤ በፓሪስም ዓይናቸው ሆነች። በኦገስት 1917 ተጋቡ። በጦርነት መካከል በምትገኝ ከተማ፣ በጠባብ የተማሪ አበል፣ ላቲንና ፈረንሳይኛ እየተማሩ በታላቁ የታሪክና የማኅበረሰብ ሊቅ በኢብን ኸልዱን ሐሳብ ላይ ሁለተኛ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። በ1919 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዩኒቨርሲቲው የጥንታዊ ግሪክና ሮም ታሪክ መምህር አድርጎ ቀጠራቸው።

መንግሥት ከፋይ ሲሆን

በ1925 የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ከመዋጮ ተላቅቆ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የሥነ ጽሑፍ፣ የሳይንስ፣ የሕግና የሕክምና ፋኩልቲዎች ተደራጁ፤ ቋሚ በጀትም ተመደበለት። አሕመድ ሉጥፊ አል-ሰይድ የተባሉት ታላቅ ጸሐፊ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጣሃ ሑሴን ደግሞ የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ከእንግዲህ ተማሪ በገንዘብ እጦት ከውጭ አይጠራም፤ የመምህር ደመወዝም በሰው ልግስና ላይ አይንጠለጠልም።

ይሁን እንጂ አዲሱ ከፋይም ጥያቄ ነበረው። በ1926 ጣሃ ሑሴን ከእስልምና በፊት እንደተገጠመ በሚነገረው ቅኔ ላይ ያሳተሙት ጥናት ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ። አብዛኛው የዚያ ዘመን ቅኔ በኋላ ዘመን የተደረሰ ነው ማለታቸውንና በመጽሐፉ የተከተሉትን የጥርጣሬ መንገድ ብዙ የሃይማኖት ሰዎች አልተቀበሉትም። ጉዳዩ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተነሣ፤ ዐቃቤ ሕግም ምርመራ ከፈተ። በ1927 ምርመራው ያለ ክስ ተዘጋ፤ መጽሐፉ ግን ከገበያ ተሰብስቦ የተወሰነው ክፍል ተለውጦ እንደገና ታተመ። በክርክሩ ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ከመምህሩ ጎን ቆመ።

ከዚህ የከበደው ፈተና የመጣው በ1932 ነው። በዚያ ጊዜ ጣሃ ሑሴን የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ዲን ነበሩ፤ ይህን ኃላፊነት ከያዙ ግብፃውያን የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። የኢስማኢል ሲድቂ መንግሥት ለአንዳንድ ፖለቲከኞች የክብር ዶክትሬት እንዲሰጥ ፈለገ። ዲኑ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ለሥልጣን ስጦታ አይሆንም በማለት አልተቀበሉም። በማርች 1932 ያለ ፈቃዳቸው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ሥራ ተሰናበቱ። ሉጥፊ አል-ሰይድ የዩኒቨርሲቲው ነፃነት ተደፈረ ብለው ከፕሬዚዳንትነታቸው ለቀቁ፤ ተማሪዎችም ተቃውሞ አሰሙ። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሏቸው ጣሃ ሑሴን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በጋዜጣ ጽሑፍ ተዳደሩ። በ1934 መጨረሻ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሱ፤ በ1936ም ዳግመኛ ዲን ሆኑ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ ዋጋ በክፍያ ደረሰኝ ላይ ብቻ እንደማይታይ ይህ ታሪክ ያስረዳል። የሕዝብ ገንዘብ ትምህርቱን ከልግስና መዋዠቅ ያድናል። በምትኩ ግን ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሹም ዩኒቨርሲቲውን የራሱ ቤት አድርጎ እንዳይቆጥር የሚከለክል ሰው ይጠይቃል። ጣሃ ሑሴን ከዚህ ልምድ በኋላም ቢሆን መንግሥት ከትምህርት እጁን ያውጣ አላሉም፤ መንግሥት ይክፈል፣ ዩኒቨርሲቲውም በነፃነት ያስተምር የሚል አቋም ያዙ።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ በርም ተከፈተ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሉጥፊ አል-ሰይድና ጣሃ ሑሴን ብዙ ጩኸት ሳያሰሙ ሴቶች ልጆች በዩኒቨርሲቲው እንዲመዘገቡ አደረጉ። ከጣሃ ሑሴን ተማሪዎች አንዷ የሆኑት ሱሄይር አል-ቀለማዊ በ1941 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አግኝተው በኋላ ራሳቸው ፕሮፌሰር ሆነዋል።

ሚኒስትሩና የውሃ ምሳሌ

በ1938 ጣሃ ሑሴን «የባህል መጻኢ ዕድል በግብፅ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ስለ ግብፅ ማንነት በያዘው ሐሳብ ብዙ ክርክር ቢያስነሣም ትልቁ ክፍሉ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መምህራን ደመወዝ፣ ስለ ፈተናና ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚያትት ነው። ነፃነቷን የምትፈልግ አገር አስቀድማ ልጆቿን ታስተምር፤ ዴሞክራሲ ያለ ትምህርት አይጸናም የሚል መልእክት ያዘለ ነበር።

ሐሳባቸውን በሥራ የሚያውሉበት ጊዜ በ1942 መጣ። የትምህርት ሚኒስቴር አማካሪ ሆነው ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት በአሌክሳንድሪያ ለተቋቋመው ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እርሳቸው በአማካሪነት ባገለገሉበት በዚያ ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያ ተነሣ።

በጃንዋሪ 1950 የወፍድ ፓርቲ ምርጫውን አሸንፎ ሙስጠፋ አል-ነሓስ መንግሥት ሲመሠርቱ ጣሃ ሑሴን የትምህርት ሚኒስትር እንዲሆኑ ተጠየቁ። ሹመቱን የተቀበሉት መንግሥት ነፃ ትምህርትን የፕሮግራሙ አካል እንዲያደርግ ጠይቀው ነው። በዚያው ዓመት የሁለተኛ ደረጃና የቴክኒክ ትምህርት ክፍያ ተሰረዘ። ትምህርትን ሁሉም ሰው በእኩልነት ሊያገኘው ከሚገባው ከውሃና ከአየር ጋር ያመሳሰሉበት ንግግራቸው በዐረቡ ዓለም እስከ ዛሬ የሚታወስ ነው። ዓይነ ስውሩ የመንደር ልጅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚሊዮኖች ልጆችን በር የሚከፍት ፊርማ ባለቤት ሆኑ። በዚያው ዓመት ዛሬ ዐይን ሸምስ እየተባለ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ በካይሮ ተመሠረተ።

ተቃዋሚ አላጡም። ኢስማኢል አል-ቀባኒን የመሰሉ የትምህርት ባለሙያዎች ትምህርት ቤትና መምህር ሳይዘጋጅ በሩን መክፈት ጥራትን ይጎዳል፤ መስፋፋቱ ቀስ ብሎ በዕቅድ ይሁን ብለው ተከራከሩ። ይህ ነቀፌታ ከክፋት የመነጨ አልነበረም። ጣሃ ሑሴን ግን የተራበ ሰው ምግቡ በአማረ ሳሕን እስኪቀርብ ድረስ ይጠብቅ እንደማይባል ሁሉ፣ የሕዝብ ልጆችም ሁሉም ነገር እስኪሟላ ድረስ ደጅ ሊቆሙ አይገባም የሚል መልስ ነበራቸው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1952 ካይሮ በእሳት በተቃጠለች ማግስት መንግሥቱ ሲሰናበት የሚኒስትርነት ዘመናቸውም አበቃ። ያስጀመሩት ነገር ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ከእርሳቸው በኋላ የቀረው

በ1962 በገማል ዐብዱልናስር ዘመን የግብፅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ ጨርሶ ተነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች በብዛት ሐኪም፣ መሐንዲስና መምህር ሆኑ። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ድንበር ተሻግረው በባሕረ ሰላጤው አገሮች አስተምረዋል። ኩዌት በ1966፣ የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ደግሞ በ1976 በአል-ዐይን ከተማ የየራሳቸውን የመጀመሪያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲከፍቱ ከግብፅ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ መምህራን ልምድ አብሯቸው ነበር።

የተቺዎቹ ስጋትም ከንቱ ሆኖ አልቀረም። አዳራሾች ከአቅማቸው በላይ ሞሉ። መንግሥት ለተመራቂ ሁሉ ሥራ እሰጣለሁ ያለው ቃል ከበደው፤ ወጣቶችም ዲግሪ ይዘው ዓመታት የሚጠብቁበት ጊዜ መጣ። በትምህርት ቤት የቀረውን ለማሟላት ወላጆች ለግል አስጠኚ መክፈል ጀመሩ፤ በአንድ በር የወጣው ክፍያ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ነፃ የሚባል ትምህርት ዋጋው ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም። ጣሃ ሑሴንም ጠፍቷል አላሉም፤ ዋጋውን ሕዝብ በሙሉ በጋራ ይሸከመው፣ በአንድ ድሃ አባት ደመወዝ ላይ ብቻ አይውደቅ የሚል ነበር ሐሳባቸው።

በመጨረሻ ዓመታቸው ጣሃ ሑሴን ከ1963 ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው ድረስ የካይሮውን የዐረብኛ ቋንቋ አካዳሚ መርተዋል። በ1973 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብት ሽልማት ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል አንዱ ነበሩ፤ ሽልማቱ በይፋ በተሰጠበት በዲሴምበር ወር ግን በሕይወት አልነበሩም። በፒራሚዶቹ አቅራቢያ በጊዛ የሚገኘውና «ራማታን» ብለው የሰየሙት መኖሪያ ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ነው። ዓይናቸው ያላያቸው፣ ጆሮአቸው ግን ያደመጣቸው መጻሕፍት በመደርደሪያዎቹ ላይ ይታያሉ።

ዛሬ ከአገሩ ርቆ በላቡ ካገኘው ላይ ለታናሽ ወንድሙ የመጽሐፍ መግዣ፣ ለእህቱ የዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያ የሚልክ ሠራተኛ የጣሃ ሑሴንን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የስኳር ኩባንያው ሠራተኛ አባት ወደ ካይሮ ይልኩት የነበረውን ስንቅ ያውቀዋል። ተማሪው ልጅ ጠግቤአለሁ እያለ ለምን እንደሚዋሽም ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚቆም እያንዳንዱ የድሃ ልጅ ከኋላው የከፈለ ሰው አለ። ጣሃ ሑሴን ያን ሰው አልረሱም፤ ሥልጣን ባገኙ ጊዜም መጀመሪያ ያደረጉት ሸክሙን ማቅለል ነበር።